ባራ የምትባል አገር

ልጅ ሳለሁ ተረት ሲነገረኝ ከመሃል ተጀምሮ ሳያልቅ የሚቆም ከሆነ እንደ እሳት ያቃጥለኝ ነበር፤ የአክስቴ የዘሃራ ወሬ ደግሞ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። በእኛ ቤት የአባት እህት አዳዳ ተብላ ነው የምትጠራው። አዳዳ ዘሃራ ጅዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ወደ ከሚሴ ስትመለስ እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። አሠሪዎቿ ክረምት በመጣ ቁጥር አገር ላገር የሚዞሩ ሀብታሞች ስለነበሩ፣ ልጆቻቸውን እንድትጠብቅ እሷንም ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ኢስታንቡል፣ ካይሮ፣ ለንደን፣ ጄኔቭ፤ ከሰፈራችን ይህን ያህል አገር የረገጠ ሰው ስላልነበረ እኔ በእሷ እንደ ልቤ እኮራለሁ።

ያኔ ከመግሪብ ሰላት በኋላ የጨፋ ረግረግ ትንኝ ቤቱን ሲወረው እናቴ በራፉ ላይ ኩበት ታጨሳለች፤ መብራቱ እንደ ልማዱ ይጠፋና ፋኖሱ ይለኮሳል። አያቴ መደቡ ላይ፣ እኛ ልጆች ምንጣፉ ላይ፣ አዳዳ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ወሬው ይጀመራል። ይጀመራል ማለት እንኳን ይከብዳል።

«ለንደን ምን አለ፣ አዳዳ?» እላታለሁ።

«መስኮት አለ። ከሥሩ ቀይ አውቶቡስ ያልፋል።»

«ጄኔቭስ?»

«የጄኔቭ መስኮት ሰፊ ነው።»

እንዲህ ያለ የዓለም ዙረት ምን ያደርግልኛል! ቤተ መንግሥቱ የት አለ፣ ድልድዩ የት አለ እያልኩ እነጫነጫለሁ። የእኛ ቤት መስኮት ምን አነሰው?

ስለ ባራ ስታወራ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። «ባራ የሄድን ለታ» ብላ ስትጀምር ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ባራ ሄዳ ጫማዋን አውልቃ ሣር ላይ ቆማለች። ባራ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ብርቱካን ልጣ፣ አንድም ቃል ሳይግባቡ፣ ግማሹን ሰጥታታለች። ባራ የባሕር ውሃ እግሯን አርሶታል። ባራ ከተራራ ላይ በረዶ በእጇ ዘግና ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ይዛዋለች። እኔም ይቺ በረዶም ባሕርም ያላት አገር ከሁሉም ትበልጣለች ብዬ ደመደምኩ። የምታወራልን ግን እነዚህኑ አራቱን ነው። ሌላ ጨምሪ ብላት፣ ብነዘንዛት፣ ጠብ የሚል የለም።

ወሬው ለእኔ ጨዋታ ነበር፤ ለአያቴ ግን ከዚያ በላይ ነበር። ሁለቱ ወንድሞቹ «ሴት ልጅህን ብቻዋን ባሕር አሻግረህ ሰደድህ» እያሉ ስድስት ዓመት ሙሉ አጥንቱን ሲሰብሩት ኖረዋል። እሱ መልስ ያገኘው እሷ ተመልሳ ስታወራ ነው። ወንድሞቹ በመጡ ቁጥር «እስቲ ንገሪያቸው» ይላትና፣ ተናግራ ስትጨርስ ጢሙን እየዳሰሰ «ማሻአላህ! ኢንተላ ኮ ዱንያን ዞራ መጣች» ይላል፤ ልጄ ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት መምህራችን የዓለምን ካርታ ሰቅሎ የምታውቁትን አገር ጥሩ አለን። እኔ ከሁሉም ቀድሜ «ባራ!» አልኩ። መምህሩ በዱላው ከላይ እስከ ታች ፈልጎ አጣት። «አክስትሽ በህልሟ ሄዳ ይሆናል» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በእረፍት ሰዓት ስሜ ባራ ሆኖ ዋለ። ያን ለታ የተናደድኩትን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ የተናደድኩት ግን በመምህሩ አልነበረም።

ማታ የአያቴ ወንድሞች መጥተው ነበር። አዳዳ «ባራ የሄድን ለታ» ስትል የትምህርት መጽሐፌን ካርታው ላይ ከፍቼ ፋኖሱ ሥር አስቀመጥኩት።

«እስቲ አሳዪኝ! ባራ የሚባል አገር የለም። ውሸታም ነሽ!»

እናቴ ቆነጠጠችኝ። አዳዳ መጀመሪያ መጽሐፉን፣ ቀጥላ አባቷን አየች።

«ልጅቱ ልክ ናት» አለች በመጨረሻ። «ተሳስቼ ይሆናል።»

ከወንድሞቹ አንደኛው «እኛስ መች አጣነው» ብሎ ሳቀ። አያቴ የኢሻ አዛን ሳይሰማ የውዱእ ጀበናውን አንስቶ ሊታጠብ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አዳዳ ስለ ባራም ስለ መስኮቶቹም ትንፍሽ አላለችም፤ አያቴም እስኪሞት ድረስ ንገሪያቸው ብሏት አያውቅም። እኔ ግን፣ ሞኝነቴ፣ እውነቱን አውጥቻለሁ ብዬ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከሚሴ ውስጥ በባጃጅ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ በስልክ ታወራለች። «ማዳሜ አራት ዓመት ሙሉ ባራ አላወጣችኝም እኮ!» አለች።

«እህቴ፣ ባራ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ውጭ ነዋ፣ ደጅ። አረብኛ ነው።»

ወራጅ ብዬ መሃል መንገድ ወረድኩ። ቁርአን ቤት ስንት ዓመት አረብኛ ስቀራ ኖሬ ደጅ ማለትን አለማወቄ! ማንን እንደምቆጣ ጠፋኝ፤ መምህሩን፣ ኡስታዜን፣ ራሴን። በማግስቱ ሰንበቴ ከተማ ወረድኩ። አዳዳ አሁን እዚያ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች። ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳልጨርስ ተናገርኳት።

«ምነው ያኔ ውጭ ማለት ነው ብትይኝ? አንድ ቃል እኮ ነው!»

የያዘችውን ሸሚዝ እጅጌውን አጠፈች፤ ቀና ብላም አላየችኝም።

«አባዬ ከወንድሞቹ ጋር ተቀምጦ፣ በስድስት ዓመት ደጅ የወጣሁት አራት ለታ ነው ልበለው? ውሸታም መባሉ ቀለለኝ።»

አፉ በይኝ አልኳት። «አፉ ብዬሻለሁ፣ ልጅ አልነበርሽ» አለችና ወደ ገበያተኛዋ ዞረች። ከልቧ ይቅር እንዳለችኝ አውቃለሁ፤ ራሴን ግን አሁንም ይቅር ማለት ያቅተኛል። ሌላ ጨምሪ እያልኩ ስነዘንዛት፣ ለካ ያላትን ሁሉ ነበር የሰጠችኝ።