እትዬ አበባ በረዶ ሜዳ የዋለችበት ቀን

ንጋት፣ ካሌዶኒያን ሮድ

ለንደን ዓይኗን ሳትገልጥ መኪናዬን አስነሳሁ። የእህቴ ልጅ ናቲ ከሚኖርበት የካውንስል ኪራይ ሕንፃ ሥር ይጠብቀኛል፤ ከጎኑ ሁለት በግ ከነቀንዳቸው የሚይዝ ሻንጣ። በጠረኑ ከሆነ በጎቹ ከሞቱ ሰንብተዋል።

ናቲ ፕሮፌሽናል የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ነው። ሥራው እንደ ጥይት እየተንሸራተተ የሚመጣን አጥቂ ገጭቶ ከሜዳው አጥር ጋር ማጣበቅ ነው፤ ለዚህም ደመወዝ አለው። አሥራ ሁለት ዓመት ከክለብ ክለብ ዞሮበታል። ሁለት ጥርስ ጥሎበታል። ጉልበቱን ኦፕሬሽን አድርጎ የተመለሰው በቅርቡ ሲሆን ኮንትራቱም አልቋል። ዛሬ አሰልጣኙ በልምምድ ጨዋታ አይቶት ወይ አንድ ዓመት ይጨምርለታል፣ ወይ ያሰናብተዋል።

ተኝተህ አደርክ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «ንዳው፣ አንክል» አለኝ።

ኪልበርን

እናቱ እትዬ አበባ ደጅ ቆማለች። በአማርኛ ቸርቿ የልጇን ሥራ የጠየቃትን ሁሉ «በረዶ ቤት ነው የሚሠራው» ስለምትለው፣ ግማሹ ምእመን ዓሣ የሚያቀዘቅዝ ይመስለዋል። ጌታ ከዚህ ጨዋታ እንዲያወጣው ስትጸልይ ኖራለች። ሲጫወት አንድ ቀን አይታው አታውቅም። ዛሬ ግን ካልሄድኩ ብላ ድርቅ አለች። ከሻንጣው ጎን ተጣብባ ገባችና መጀመሪያ የሠራችው ሥራ መስኮት መክፈት ነበር።

ባተርሲ

ድልድዩ ላይ መኪናው ተጠቅጥቋል። በዚህ ፍጥነት ሜዳው የምንደርሰው ጡረታ ወጥተን ነው። ናቲ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ቀበቶውን ያላላል፣ ያጠብቃል። እኔም ተጋብቶብኝ ያለ ምክንያት ጥሩምባ አሰማለሁ። እትዬ አበባ ከኋላ ሆና የእገሊት ልጅ ባንክ አፕላይ አድርጎ መግባቱን ትተርካለች።

«ማሚ፣ ሌላ ነገር አላውቅም እኮ» አላት ሳይዞር።

ረፋድ፣ ሜዳው

አዳራሹ ፍሪጅ ነው፤ ጢሜ ተሰብሮ እንዳይወድቅ በእጄ ያዝኩት። ከእኛ በቀር ተመልካች የለም። ናቲ ከነትጥቁ ሲወጣ የልብስ ቁም ሳጥን ያክላል። ቀይ ፀጉር ያለው የሃያ ዓመት አጥቂ እንደ ኳስ የሚመቷትን ጥቁር ጎማ በዱላው እየገፋ መጣበት። ናቲ ጠበቀው፤ ትከሻውን ሰጠው፤ ልጁ አጥሩ ላይ ተለጠፈ። ሕንፃው ሲነቃነቅ እኔ ላጨበጭብ ስል እትዬ አበባ ብድግ አለች።

«እኔን! እኔን ልጄ!»

ለናቲ አይደለም፤ ለወደቀው። ናቲ ድምጿን ሰምቶ ቆመ። ከሕፃንነቱ የወደቀን አንሡ ተብሎ ያደገ ነውና ጎንበስ ብሎ ለልጁ እጁን ዘረጋ። ጎማዋ ነፃ ቀረች፤ ሌላው አጥቂ አንሥቶ ጎል አገባት። አሰልጣኙ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ቀስ በይ ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ፤ ማን ሊሰማ! ከዚያ በኋላ ናቲ ሦስት ሰው ጣለ፤ ሦስቱንም ዞሮ አየ።

መኪና ማቆሚያ

ናቲ ፀጉሩ እንደረጠበ መጣ። ሻንጣውን ጫነና በሩን ሳይዘጋ ነገረን። አልጨመሩለትም። አሰልጣኙ፣ ጉልበትህ ደህና ነው፣ አሁን ግን የምትጥለውን ሰው ዞረህ ታያለህ፣ ብሎታል።

እትዬ አበባ ጸሎቷ ተሰምቶላታል፤ «ተመስገን» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ያ ሰውዬ የታለ?»

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ አልቋል።»

«የጮህኩት እኔ! አንተን የሚያባርር ማነው?»

ከመኪናው ወርዳ ወደ ሕንፃው አመራች። ናቲ ተሯሩጦ ቀደማትና በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። በግራ ሞከረች፣ ዘጋባት፤ በቀኝ ሞከረች፣ ዘጋባት። ሰፊ ደረቱን በሁለት እጇ ገፋ ስታደርገው ተከላካያችን መሳቅ ጀመረ፣ እየሳቀ እንባው መጣ፣ እሷም በብብቱ ሥር ሾልካ ወደ ውስጥ አለፈች።