አበልጄ ቀጥቃጩ

ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም፤ ዳዊቱንም ሕገ መንግሥቱንም በራሴ ጥረት አንብቤ የጨረስሁ ሰው ነኝ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ስለ ባህልና ስለ ማኅበራዊ ችግር ሊያወያየን ወደ መሐል ሜዳ ከተማ በመጣ ጊዜ፣ ከእሱ የበለጠ የተናገርሁት እኔ ነበርሁ። «ቀጥቃጭን ቡዳ ማለት ድንቁርና ነው» ብዬ አዳራሹን በጭብጨባ ሞላሁት።

ቤት ገብቼ ይህንኑ ለባለቤቴ ስተርክላት፣ «አንተ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ማረሻህን ሲቀጠቅጥልህ የኖረው ጎረቤታችን ከዚህ ቤት እህል ቀምሶ ያውቃል?» አለችኝ።

በማግስቱ ወደ ቀጥቃጩ ሄድሁና፣ «እሑድ የልጅ ልጄን ክርስትና አንሳልኝ» አልሁት። መዶሻውን አስቀመጠ።

«ጌታዬ፣ ይቀልዱብኛል? ዘመድዎ ምን ይላል?»

«ዘመዴ እኔ ያልሁትን ይላል።»

አላለም። እሑድ ቀጥቃጩ ሕፃኑን ታቅፎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ወንድሜ ከድግሱ ተነሥቶ ወጣ። የእሱን ቦታ ለአበልጄ ሰጠሁትና የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጄ አጎረስሁት። በአገራችን ይህን ከእኔ በቀር ማን ይደፍራል?

ወንድሜ እስካሁን ቤቴን አልረገጠም። ማረሻው የዶለዶመ ዕለት ግን የሚሄደው ወደ አበልጄ ነው።