ሻምበልና ሎሚ የጾሙበት ሁዳዴ

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው፣ አሰላ ግማሹ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ግማሹ ደግሞ ጀንበር እስክትጠልቅ እህል የማይቀምስባት ከተማ ሆና ሰነበተች። ባለፈው ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቆ ከገበያ ስመለስ፣ በአንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ሥር ሾልኮ የወጣ ሽታ አቆመኝ። ከፉርሽካ ጋር የሚንተከተክ የከብት ሳንባ ነው፤ ትልቅ ውሻ ያሳደገ ሰው ይህን ሽታ ከመቶ ሽታ መሃል ይለየዋል። ጾመኛ ሰው አፍንጫውን ይዞ ማለፍ ሲገባው እኔ ቆሜ ደጋግሜ ሳብኩት። የግቢው ዘበኛ ብቅ ብሎ «ማንን ፈለጉ?» አለኝ። የፈለግሁት የልጅነት ጎረቤቴን እትዬ ዘይነባን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከአሰላ ከወጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሒሳብ አስተማሪው አባቴ ኢተያ ካለ ስንዴ አምራች ወዳጁ ሁለት ቡችሎች በካርቶን ይዞ መጣና፣ እናቴን «ድመት ያክላሉ፣ ምን ይበሉብሻል» ብሎ አሳመናት። በዓመታቸው ጥጃ አከሉ። ወንዱን ሻምበል፣ ሴቷን ሎሚ አልናቸው። የሻምበል ወታደርነት ስሙ ላይ ብቻ ነበር፤ የጋሪ ፈረስ ከሩቅ ካየ ያንን የሚያህል ገላውን ይዞ ሎሚ ጀርባ ይደበቅ ነበር።

አባባ ነገሩን እንደ ሥራው በቁም ነገር ያዘው። «ትልቅ ውሻ ለቆ ሰው የሚያስፈራ ሰው፣ መታሰር ያለበት እሱ ነው» እያለ ክትባታቸውን ቀን ቆጥሮ ያስወጋል፣ በሩን ሁለት ጊዜ ይፈትሻል፣ ማለዳ ማለዳ ደግሞ የጭላሎ ብርድ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት ሁለቱንም በገመድ ይዞ ይወጣል። በዚያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ውሻ በገመድ ይዞ የሚንሸራሸር ሰው ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ገብስ በአህያ ጭነው ወደ ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች አህዮቻቸውን አቁመው ያዩት ነበር። አንዱ ሽማግሌማ በየቀኑ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን፣ ባርሲሳ!» ብለው እንደምን አደሩ መምህር ካሉት በኋላ፣ «እርስዎ ነዎት የሚወስዷቸው ወይስ እነሱ ናቸው እርስዎን የሚወስዱዎት?» ይሉታል። አባባ በገመዱ እየተጎተተ፣ እየሮጠም ቢሆን፣ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ይመልሳል።

ከሁሉ የከበደው ግን ሆዳቸው ነበር። ከሰፈራችን ሥጋ ቤት ሳንባና አጥንት እየተገዛ፣ እናቴ በአሮጌ ድስቷ ከፉርሽካ ጋር እየቀቀለችላቸው ከረምን። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። እናቴም ድስቷን በአመድ ፈትጋ ሰቀለችና «በጾም እዚህ ቤት ሥጋ አይንተከተክም፣ ለሰውም ለውሻም» ብላ ቁርጡን ተናገረች። አባባ የተቀቀለ ገብስ ሞከረ፣ ፉርሽካውን በሽሮ ለወሰው። ሎሚ በረጅሙ እየተነፈሰችም ቢሆን ትበላለች፤ ሻምበል ግን ሳህኑን አሽትቶ አባባን ቀና ብሎ ሲያይ፣ የሒሳብ አስተማሪው ዓይኑን ይሰብራል። በሁለተኛው ሳምንት የሁለቱም ጎድን ከሩቅ ይታይ ጀመር።

በዚያም ዓመት ረመዳን ሁዳዴ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከባሕር ዛፍ አጥራችን ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከስልጤ መጥተው አሰላ ውስጥ የተከበሩ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ለማፍጠሪያ የጠበሱትን የሥጋ ሳምቡሳ ግቢያቸው ውስጥ በትሪ አስቀምጠው ውሃ ሊቀዱ ዞር ሲሉ፣ ያ የጋሪ ፈረስ የሚፈራው ሻምበል አጥር ዘለለ። እኔና አባባ ጩኸት ሰምተን ስንደርስ ትሪውን እየላሰ ነበር፤ አንድም ሳምቡሳ አልተረፈም። ቀኑን ሙሉ የጾመ ቤተሰብ ማፍጠሪያ ተበልቶበት፣ ውሻ የላሰው ዕቃ ደግሞ በእነሱ ሥርዓት ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ካልታጠበ አይነካም።

እናቴ ሀፍረቷን የምታደርግበት አጣች። «ከቅዳሜ በላይ እዚህ ቤት አይቆዩም። ዴራ ወንድሜ ጋ ሄደው ከብት ይጠብቁ» አለች። ዴራ ቆላ ነው፤ እነዚያ ጠጉራም የደጋ ውሾች በዚያ ሙቀት፣ ከጅብ ጋር ሲታገሉ እንደማይከርሙ አባባም እኔም እናውቃለን። ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ። አባባ አልተከራከራትም፤ ባለውሻው እሱ፣ ጥፋቱም የእሱ ነውና፣ በማግስቱ ኮቱን ለብሶ እኔን አስከትሎ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ።

እትዬ ዘይነባ ቧንቧው ሥር ተቀምጠው ትሪውን በአፈር እያሹ ነበር። አባባ ያዘጋጀውን ንግግር ገና ከመጀመሩ አቋረጡት።

«ወላሂ መምህር፣ ውሻው ምን አጠፋ? እናንተም ጾማችሁን ያዛችሁ፣ እኛም ጾማችንን ያዝን፤ እሱን ማን ጠየቀው?»

ከዚያ እጃቸውን እየተለቃለቁ፣ የወንድማቸው ሥጋ ቤት በሁዳዴም ክፍት መሆኑን፣ ሳንባውን የሚወስድለት አጥቶ እንደሚጥለው ነገሩት። አባባ ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጨለመ። የእስላም ሥጋ፣ ያውም በሁዳዴ፣ በእናቴ ድስት አይገባም። እሳቸውም የውሻ ምግብ በማድቤታቸው ዕቃ አይቀቅሉም። ይህን ሁለቱም ስለሚያውቁ ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ እናቴ ተጠራች።

ሁለቱ ሴቶች አጥሩን መሃል አድርገው ረጅም ጊዜ ተመካከሩ። አንድ አሮጌ በርሜል ለሁለት ተቆረጠ፤ በእትዬ ዘይነባ ጓሮ ሦስት ጉልቻ ላይ ተቀመጠ። ሳንባው ከእሳቸው ወንድም፣ ማገዶውና ፉርሽካው ከእኛ ሆነ። እኔ ባልዲ ይዤ በአጥሩ ክፍተት እሄዳለሁ፤ እሳቸው በረጅም እጀታ ጭልፋ ከላይ ያንቆረቁራሉ፤ ጭልፋው ባልዲውን አይነካም። ለእትዬ ዘይነባ አንድ ነገር ብቻ አልተዋጠላቸውም። አባባ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው ብሎ ከልክሎ ነበርና፣ «ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ በዕድሜዬ አላየሁም» እያሉ በየቀኑ ያዝናሉ። ሠሪዋም ተቀባዩም ጾመኛ ስለሆኑ መብሰሉን የሚቀምስ የለም፤ ሎሚ ሳህኑን ስትልስ አይተን በስሏል እንላለን። በሁለት ግቢ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሥጋ የሚበሉት ሁለት ውሾች ብቻ ነበሩ፣ እኛ ሁላችን ምራቃችንን እየዋጥን ከበን እናያቸዋለን።

አሁን ማንም አይቀጣኝምና ልናገር፤ አንድ ቀን ከባልዲው አንድ ቁራጭ ሳንባ አውጥቼ በላሁ። ጾሜን ሻርኩ፣ የእስላም ሥጋ በላሁ፣ የውሻ ድርሻ ሰረቅሁ፣ ሦስቱንም በአንድ ጉርሻ። ጨው አልነበረውም፤ የዚያን ያህል የጣፈጠኝ ሥጋ ግን እስከ ዛሬ የለም። ቀና ስል እትዬ ዘይነባ ያዩኛል። ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዞሩና ጭሱ ያስቸገራቸው መስለው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቅዳሜ መጣ፤ እናቴ ማለዳ ተነስታ ማገዶውን ራሷ በአጥሩ አሻግራ ሰጠች፤ የዴራ ነገር በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ረመዳን ከሁዳዴ እየራቀ ሲሄድም፣ እትዬ ዘይነባ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ሳይነገራቸው በርሜሉን ያወጣሉ። ለዓረፋ ወደ ስልጤ ሲሄዱ ደግሞ ግቢያቸውን ሻምበልና ሎሚ ይጠብቃሉ። ሁለቱም አርጅተው፣ በየተራ፣ እዚያው አሰላ ሞቱ። እትዬ ዘይነባም ባለቤታቸው ሲያርፉ አዲስ አበባ ልጆቻቸው ዘንድ ገቡ፤ ቤቱ ተሸጠ።

እኔም ዛሬ አንድ ትልቅ ውሻ አለኝ። አባባ ቢያየው ይኮራብኝ ነበር፤ ክትባቱ በጊዜው ነው፣ ምግቡ በከረጢት ከሱቅ ይመጣል፣ ግንቡ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ለእሱ ብዬ የማንንም ደጅ ጠንቼ፣ ማንንም ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ከዘበኛው ፊት ዞር ብዬ ቤቴ እስክደርስ ይህንኑ ሳስብ ነበር፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ውሻዬ አንድም ቀን ጎረቤት አላስቀየመም፤ እኔ ደግሞ ከግንቡ ማዶ ያሉት ሰዎች ዘንድሮ የትኛውን ጾም እንደሚጾሙ እንኳ አላውቅም።