ደራ ላይ የቀረው ጉልበት

አሰላ ውስጥ ሴት ልጅ መሮጥ ከቻለች ምርጫ የላትም፤ አትሌት ሁኚ ትባላለች። ጎረቤቱም፣ መምህሩም፣ የባጃጅ ሾፌሩም የሚመክራት ይህንኑ ነው። የእኛ የእግር ኳስ ቡድን አምበልም ከዚህ ምክር አላመለጠችም። ለትምህርት ከአቦምሳ የመጣች፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማታበዛ ልጅ ነበረች። አንድ የሩጫ አሰልጣኝ ኮሌጃችን ግቢ ድረስ መጥቶ ሲያግባባት አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«ብቻዬን መሮጥ አልወድም» አለችው።

ሰውየው ሄደ። እሷም ወደ ኳሷ ተመለሰች።

ኮሌጃችን ትንሽ የግል ኮሌጅ ነበር፤ አሁን የለም። ሁለታችንም መምህርነት ነበር የምናጠናው። የእኔ ቤተሰቦች ጴንጤዎች ናቸው፣ የእሷ ሙስሊሞች። አባቴ «ቁምጣ ለብሰሽ ሰው ፊት እንዳትቆሚ» አለኝ። የእሷ አባት ደግሞ ኳስ የሚባል ነገር እንዳትነካ አስጠንቅቆ ነው የላካት። ስለዚህ ሁለታችንም ከታች ረጅም ታይት፣ ከላይ ሰፊ ማሊያ አድርገን እንወጣለን። እሷ ሻርፗን አጥብቃ ታስራለች፣ እኔ ከብርዱ የተነሳ የሱፍ ኮፍያ እደፋለሁ። ከሩቅ ያየን ሰው እህትማማቾች እንመስለው ነበር።

ቡድኑን ያቋቋመው የስፖርት መምህራችን ነው። ኮች እንለዋለን። የአሰላ ልጅ ነው፤ ሲያስረዳን በአማርኛ፣ ሲቆጣን በአፋን ኦሮሞ ነበር። ሜዳው የሚደርሰን ወንዶቹ ከጨረሱ በኋላ ስለሆነ በበልግ ዝናብ ለዘር የታረሰ መሬት መስሎ ነው የምንረከበው። ከጭላሎ የሚወርደው ጭጋግ ግብ ጠባቂያችንን ከነቋሚው ይሸፍናታል። መጀመሪያ አካባቢ ተማሪው የሚመጣው ሊስቅ ነበር። ጭቃ ላይ ስንንሸራተት ያጨበጭባሉ። አምበላችን ግን ወደ እነሱ ዞር ብላ አይታ አታውቅም። «ኮቱ፣ ኮቱ» እያለች ትጠራናለች፤ ነይ፣ ነይ ማለቷ ነው። እኛም እንመጣለን።

የዞኑ ኮሌጆች ውድድር ሲጀመር ማሸነፍ ጀመርን። ምክንያቱን ብጠየቅ ዛሬም በደንብ አላውቀውም። ኳስ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች። እኛ እሷ ያዘዘችንን እናደርጋለን፣ ኮች ከዳር ሆኖ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል፣ በመጨረሻ በአንድ ግብ በልጠን እንወጣለን። እየቆየ የሚስቁት ቀነሱ። የወንዶቹ ቡድን በመጀመሪያው ዙር ሲሰናበት ደግሞ ለኮሌጁ የቀረነው እኛ ብቻ ሆንን።

አቦምሳ ላይ የተጫወትን ዕለት አባቷ መጣ። እህል ነጋዴ ነው። ከተቃራኒው ግብ ጀርባ ቆሞ ጨዋታውን ሙሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተመለከተ። እሷ አይታዋለች፤ ግን እንዳላየች ሆና ተጫወተች፣ አገባችም። ስንጨርስ በማዳበሪያ ከረጢት ማንጎ አሸክሞ ወደ እኛ መጣ። ኮች ደንግጦ ሰላምታ ሰጠው።

«ኳስ ትጫወታለች ብለው ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር» አለ ሽማግሌው።

«ዛሬስ አባባ?» አለው ኮች።

«ዛሬማ አየሁ።» ወደ ልጁ ዞረ። «ቤት ስትመጪ እንነጋገራለን።»

ከዚያ ማንጎውን ራሱ አደለን። ለእሷ የሰጣት ከሁሉም ትልቁን ነው። ከዚያ ዓመት አንድ ደስ የሚል ነገር ጥሪ ብባል ይህን እጠራለሁ።

ለፍጻሜ ስናልፍ የኮሌጁ ዲን ልምምዳችን ላይ መገኘት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ቡድን እንዳለን ማወቁንም እጠራጠራለሁ። አምበላችንን «ልጄ» ይላት ጀመር። «ዋንጫውን አምጡልኝ እንጂ የሚጎድልባችሁ ነገር አይኖርም» አለን። ቡድኑ ቋሚ ይሆናል፤ እሷም ስትመረቅ እዚያው በስፖርት ክፍል ትቀጠራለች አለ። ሁላችንም አጨበጨብን። ኮች እጁን ኪሱ ከቶ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ፍጻሜው ቆላ ወርደን ደራ ከተማ ነበር። ደጋ የለመደ ሳንባ ለደራ ሙቀት አይሆንም፤ ገና ሳንጀምር ከንፈራችን ደረቀ። ተጋጣሚዎቻችን ሙቀቱን ያደጉበት ናቸው። ያለ ግብ እስከ ማብቂያው ተጓተትን። ያኔ አንዲት ተከላካይ ኳሱ ከሄደ በኋላ አምበላችንን ከጎን ገባችባት። እግሯ ሄደ፣ ጉልበቷ ቀረ። አልጮኸችም። ሻርፗን ነክሳ ተኛች።

ወጌሻው በረዶ ይዞ ሮጠ። ደግፈን ከመስመር አወጣናት። ኮች ተቀያሪዋን እያስነሳ ሳለ ዲኑ ከክብር እንግዶች ድንኳን ወርዶ መጣ።

«እሷን አስወጥተህ በማን ልታሸንፍ ነው?» አለው።

«ጉልበቷ ነው፤ መቆምም የለባትም።»

«የቀረው ትንሽ ደቂቃ ነው። በፋሻ ይታሰርላት።»

«እርስዎ ዲን ነዎት፤ እዚህ አሰልጣኙ እኔ ነኝ» አለ ኮች።

ዲኑ ጎንበስ ብሎ «ልጄ፣ ምን ይሰማሻል?» አላት። ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ለወጌሻው «እሰረው» አለችው።

እያነከሰች ገባች። መሮጥ አትችልም፤ ከተቃራኒው ግብ ፊት ሄዳ ቆመች። ያንን የምናውቀው ግን እኛ ብቻ ነን። እነሱ ፈርተዋት ስለነበር ሁለት ተከላካይ ለጠፉባት። እኔ የግራ ተከላካይ ነኝ፤ ከመሃል ሜዳ አልፌ የማውቅ አይደለሁም። ኳሱ እግሬ ስር ሲመጣ ከፊቴ ያለው መስመር ባዶ ነበር። አምበላችን በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ነዳሁት፤ ደርሼም መታሁት። የግብ ጠባቂዋን እጅ ነክቶ ገባ። በሕይወቴ ያገባሁት ግብ ያ ብቻ ነው። አሰላ ውስጥ ዛሬም የሚያስታውሱልኝ ሰዎች አሉ። «ግቡን እሷ ቆማ ነው ያስገባችልኝ» ስላቸው ትሕትና ይመስላቸዋል።

ዋንጫውን ያነሳው ዲኑ ነው። አምበላችን ፎቶው ውስጥ የለችም፤ አውቶቡስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተናት ነበር። ስንመለስ ፎቶ አንሺው ከፊት እየሄደ፣ ጡሩምባ እየተነፋ አሰላ ገባን። አቀባበሉ በማግስቱ ግቢ ውስጥ ነበር። ለአሸናፊዎቹ የተገዛው ቱታ በወንድ ልክ ሆኖ መጣ። ሲለካ አልሆነም። «እንግዲህ ከሚባክን ወንዶቹ ይልበሱት» ተባለ። የተሸነፉት ወንዶች የእኛን ቱታ ለብሰው ከፊት ተሰለፉ፤ እኛ በነተቡ ማሊያዎቻችን ከኋላ ቆምን። ዲኑ ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ አምበሏ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ትንሽ እግሯን አሟት ቀርታለች።»

ሐኪሙ ጅማቷ መበጠሱን፣ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ካላደረገች እንደማይድን ነገራት። የሕክምናውን ወጪ እንዲሸፍን ዲኑ ጋ ተመላለስን። «ሂደት ላይ ነው» ይለናል፤ ሁልጊዜ በፈገግታ፣ ሁልጊዜ ከወንበሩ ተነስቶ። አንድ ቀን ኮች አብሮን ገባና በአፋን ኦሮሞ ጮኸበት። የቅጥር ዘመኑ ሲያልቅ አላደሱለትም። ወደ አዳማ ሄደ ሲባል ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም። በሚቀጥለው ዓመት ለሴቶች ቡድን በጀት የለም ተባለ። እሷ እያነከሰች ተመረቀች። የሚቀጥራት የስፖርት ክፍል አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ኮሌጁ ራሱ ተዘጋ፤ ግቢውን አሁን የቤት ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ተከራይተውታል። ዋንጫው የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ዘንድሮ አቦምሳ ሄጄ ጠየቅኳት። አባቷ አርጅቶ ቤት ስለዋለ እህል መደብሩን የምትሠራው እሷ ናት። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ያቺን እግሯን ጆንያ ላይ ዘርግታለች። አትታጠፍላትም። ሶላቷንም ወንበር ላይ ሆና ነው የምትሰግደው። ይህን ስትነግረኝ ፊቴ ተለዋወጠ መሰለኝ።

«ለእኔ ብለሽ እንዳታለቅሺ» አለች።

«ያኔ ዲኑ ባያስገባሽ ኖሮ...»

«እሱ አይደለም ያስገባኝ። መጫወት ስለፈለግሁ ነው የገባሁት።» ለአንድ ገበሬ ገብስ መዝና ሰጠችና ተመልሳ ተቀመጠች። «እኔን አስገብቷል ብዬ አልከሰውም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነሽ አላለኝም። እሱን ይቅር አልለውም። ሰዎች ለነፍስሽ ብለሽ ይቅር በይው ይሉኛል። ነፍሴ ደህና ናት፤ ያልዳነው ጉልበቴ ነው።»

ሻይ አስመጣች። ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፤ ስለ ኳስ ሌላ አላወራንም።

እኔ ጮሌ የምትባል ከተማ ውስጥ አስተምራለሁ። ባለፈው ሰሞን የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ቢሮው ጠርቶኝ፣ ድሮ ተጫዋች እንደነበርኩ ሰምቶ፣ የሴቶች ቡድን እንዳቋቁም ጠየቀኝ። በወረዳው ውድድር ስማችንን የሚያስጠራ ነገር ይፈልጋል።

«አንዷ ልጅ ብትጎዳ ማን ያሳክማታል?» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን መልሱን ቆሜ ጠበቅኩ። ሳቁን ጨርሶ ስለ ማሊያው ቀለም ማውራት ሲጀምር ወጥቼ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።