ለአስፋልቱ ጀርባውን የሰጠው ሶላር

ጦርነቱ መርሳ ገብቶ መብራት ሲጠፋ፣ የቤታችን ትልቁ ንብረት ከእኔ ቀጥሎ ሶላሩ ሆነ። ሚስቴ «ከአንተ በፊት» ትላለች። ሚስቴ ለስላሳ የምታቀዘቅዝባት ትንሽ ፍሪጅ የምትሠራው በሱ ነው። ለስላሳው አለቀና በቦታው እትዬ የምንላቸው የጎረቤታችን ኢንሱሊን ገባ። ስኳር አለባቸው። ወደ ወልድያም ወደ ደሴም መንገዱ ዝግ ነበር፤ ያቺ የኢንሱሊን ብልቃጥ ሙቀት አግኝቷት ከተበላሸች ሌላ ከየት ይመጣል?

ታጣቂ አይቶ እንዳይወስደው ብዬ ሶላሩን ከአስፋልቱ በማይታየው በሰሜኑ የጣሪያ ተዳፋት ላይ ነበር ያሰርኩት። በብልጠቴ ኮርቼ ነበር። ነሐሴን ጥሩ ሠራ። ኅዳር ላይ ፍሪጇ ማቃሰት ጀመረች።

ሥራዬ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ላይ ነው። ደመወዝ ቢቆምም ልማድ ሆኖብኝ እየሄድኩ የፀሐይ ጨረር መለኪያውን አነባለሁ። በንባቡ ሶላሩ ምን ያህል ማመንጨት እንዳለበት አሰላና ቤት መጥቼ በቴስተር እለካለሁ። ግማሹ እንኳ የለም! ባትሪውን ሰደብኩ፣ ሽቦ ቀየርኩ፣ አቧራ ወለወልኩ።

«ፀሐይ አንሶ ይሆን?» አለች ሚስቴ።

«ፀሐይማ ሞልቷል። መለኪያው አይዋሽም።»

«እንግዲያ የሚዋሸው ሌላ ነዋ!»

መርፌያቸውን ሊወጉ የመጡት እትዬ ብልቃጧን ዳበስ አደረጉና «ልጄ፣ ለብ ብላለች» አሉ። ቀልዴ ጠፋ።

በቀትር ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጥላዬ ወደ ሰሜን ወርዶ ሶላሩ ላይ ተኝቷል። ያኔ ገባኝ። መለኪያው ተንጋሎ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው። ሶላሬ ግን ወደ ሰሜን አዘንብሏል፣ ፀሐይ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ወደ ደቡብ ዞራለች። ዕድሜ ልኬን ፀሐይ ስመዘግብ ኖሬ የት እንደምትውል ሳላይ!

ወርጄ «ወደ ደቡብ መዞር አለበት» አልኩ።

«ደቡቡማ አስፋልቱ ነው» አለች ሚስቴ።

«ተዉት በቃ» አሉ እትዬ፣ «በእኔ የተነሳ ቤታችሁ አይዘረፍ።»

ሚስቴ መሰላሉን ወደ አስፋልቱ በኩል ወሰደችና ሥሩን ይዛ ቆመች። ምን ልበል፣ ወጣሁና አዞርኩት።

በማግስቱ ማታ እትዬ ብልቃጧን ጉንጫቸው ላይ አስጠጉ። «እሰይ፣ ቀዝቅዛለች!» ከዚያ እኔን አየት አደረጉና፣ «ሶላሩስ ግድ የለም። አንተ ግን ስትወጣ ኮፍያ አድርግ ልጄ፤ ሠራዊት የሚጠራብን ያ መላጣህ ነው» አሉ።