ኢዶ ሰሃራ ውሃ እምቢ ያሉበት የአውበሬ ጉዞ

ንጋት፣ ጅጅጋ መናኸሪያ

ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቀናል። አጠገቤ ኢዶ ሰሃራ ናቸው፤ ኢዶ አክስት ማለት ነው፣ ገበያው ሁሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። ከጨርቅ ሱቄ ደጃፍ ወተት ይሸጣሉ፤ ወሬ ደግሞ በነፃ። የወንድማቸውን ልጅ ሆዳንን ከአውበሬ ሊያመጡ ነው፤ እኔን አጃቢ ብለው ቁርስ ሳልቀምስ ጎትተውኛል።

ሆዳን ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ የሰፈሯ ሰው ደፈራት። ከዚያ ወዲህ ክፍል አልገባችም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ሰውየው ያግባትና ነገሩ ይለቅ ብለው ፈረዱ። ስሰማ ደሜ ፈላ።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

አቧራው ነጭ ሻሼን ቀለም ቀይሮታል። ግመሎች መንገዱን ይዘው እንደ ባለሥልጣን ይንጎራደዳሉ፤ ጥሩምባ ቢነፋም ዞር አይሉ።

«ኢዶ፣ ሽማግሌ የጨረሰውን እንዴት ሊያፈርሱት ነው?» አላቸው ሹፌሩ፣ ጫቱን በጉንጩ እያዛወረ።

«ወላሂ፣ እኔ ምን አፈርሳለሁ? እንግዳ ሆኜ ነው የምሄደው» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አላማረኝም።

ቀትር፣ አውበሬ

ግራር ሥር ምንጣፍ ተነጠፈልን። ሽማግሌዎቹና የሆዳን አባት ከበቡን። ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝ፣ የግመል ወተት በጣሳ መጣ። እጄን ስዘረጋ ኢዶ ጭኔን ቆነጠጡኝ።

«ጋብቻው ይቅር። ሆዳን ከእኔ ጋር ሄዳ ትማር» አሉ። «እሺ ካላላችሁኝ ውሃም አልቀምስ።»

እዚህ አገር እንግዳ ማዕዱን ሳይቀምስ ከሄደ ለሰፈሩ ሁሉ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ኢዶም ማወቃቸውን ያውቃሉ። ሩዙ ቀዘቀዘ። ዝንብ ከሁላችንም ቀድሞ ምሳውን በላ። ሴቶች ከአጥር ጀርባ ሆነው ይሳሳቃሉ። እኔ ልጅቷን እያሰብኩ፣ ሥጋውን እያየሁ፣ በሁለቱም አዝናለሁ።

«ሰሃራ፣ ራስሽን ስተሽ ብትወድቂ ለሰው ምን እንላለን?» አሉ አንጋፋው።

«እንግዳ በውሃ ጥም ገደልን በሉ።»

አንጋፋው ወደ ሆዳን አባት ዞሩ። አባት መሬት መሬቱን እያየ «ትሂድ» አለ።

«ጋብቻውስ?» አሉ ኢዶ።

«ቀርቷል።»

ያን ጊዜ ጣሳውን አነሱ። እኔ እንዴት እንደበላሁ አልናገርም።

«ሰውየውስ እንዲሁ ሊቀር ነው?» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ፖሊስ ዘንድማ ጠግቤ ነው የምሄደው» አሉኝ ሥጋውን እያላመጡ።

በሳምንቱ፣ ጅጅጋ

ሆዳንን በባጃጅ አዲሱ ትምህርት ቤቷ አደረስናት። አስተማሪዋ ፊት ያለውን ወንበር ሰጠቻት። ልጅቷ አመስግና፣ ቦርሳዋን አንስታ መጨረሻው ረድፍ ሄደች፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች።

«ከዚያ ሰሌዳው ይታይሻል?» አለቻት አስተማሪዋ።

«በሩ ይታየኛል» አለች ሆዳን።

አስተማሪዋ ጥቂት አየቻት። ከዚያ ዞረች፤ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን አጠፋችና እንደገና በትልልቁ ጻፈች።