ቀስት የሞከርኩበት ክረምት

ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ጭጭ። እናቴ ከሶላት በኋላ ዱዓዋን ታረዝማለች። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ካለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ ሆኜ ወታደር የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር መጋዜን ጥዬ በር ላይ እቆማለሁ።

አንድ ቀን ከደሴ አንድ የቀበሌ ሹም መጣ። የኪነት ቡድኑ ለአብዮት በዓል የጥንት ገበሬዎች በባላባት ላይ ሲነሡ የሚያሳይ ትርኢት ስላዘጋጀ ዐሥራ ሁለት ቀስት ይፈልጋል።

«ቀስት ሠርቼ አላውቅም፣ ጓድ» አልኩት።

«አናጢ አይደለህ እንዴ? እንጨት ነው እኮ!» ብሎኝ ወጣ። ወዲያው ተመልሶ አንገቱን በበሩ አስገባ። «አምና መድረክ ላይ ጦር ተሰብሮ ሕዝቡ ስቋል። ሠሪው ‹ማን ልኮህ ነው?› እየተባለ ሁለት ሳምንት ተመርምሯል። የዘንድሮው እንዳይሰበር።»

መጀመሪያ ባሕር ዛፍ አጎበጥኩ፤ ገና ዐሥር ጊዜ ሳልስበው ተሰነጠቀ። ወይራው አልጎብጥም አለኝ፤ ስታገለው ለሁለት ተከፈለ። ሲጨንቀኝ፣ ገበያው ዳር ተቀምጠው ለፍራሽ የሚሆን ጥጥ ወደሚነድፉ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። የቢስቲማ ሰው ናቸው። ጥጡን የሚያፍታቱበት ደጋን ከቀስት የሚለየው ፍላጻ ስለሌለው ብቻ ነው።

«ደጋንዎ ስንት ዓመቱ ነው፣ አባቴ?»

«ይቺ? ከበኩር ልጄ ትበልጣለች።»

ለንቋጣ የሚባለውን ጎባጭ እንጨት እንድቆርጥ ነገሩኝ። ልጬ ጥላ ውስጥ ቀስ ብዬ እንዳደርቀው፣ ሆዱን በጥቂት በጥቂቱ እየፋቅሁ እንዳሳሳው፣ የበሬ ጅማት እንድወጥርበት አሳዩኝ። እንዳሉኝ አድርጌ፣ ምናልባት ብዬ ዐሥራ አምስት ሠራሁ።

ከዚያ መሞከር ጀመርኩ። እያንዳንዱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጅማቱ ላይ ድንጋይ አንጠለጠልኩ። ያን ሲችል አውርጄ መቶ ጊዜ ሳብኩት። በማግሥቱ መቶው ሁለት መቶ ሆነ። ዝናብ ላይ አወጣኋቸው፤ እንደገና ሳብኳቸው። መኪና ሲያልፍ እስባለሁ፤ ፖስታ ቤት ደርሼ ባዶ እጄን ስመለስ እስባለሁ። በር ያዘዙኝ ሰዎች «በራችንስ?» ቢሉኝ «ነገ» እላለሁ። ጣቶቼ ደሙ፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ቀጠልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ደህና ነው ያልኩት ቀስት እጄ ላይ ቀጭ አለ። በማግሥቱ ሌላው።

ሁለቱን ስብራት ይዤ ወደ ሽማግሌው ሮጥኩ። አገላብጠው አዩዋቸው።

«መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ይሳባሉ?»

«ቢበዛ ስድስት ጊዜ።»

«አንተስ ስንት ጊዜ ሳብካቸው?»

«በቀን አራት መቶ ያህል።»

ስብራቶቹን አስቀምጠው እጄን ያዙ። ጨርቁን ፈተው ጣቶቼን አዩ። «ያ ረቢ! ልጄ፣ እንጨቱ ምን አደረገህ?»

የወንድሜን ነገር ነገርኳቸው። ለማንም እንደዚያ ዘርዝሬ ተናግሬ አላውቅም። ጨርቁን መልሰው እየጠቀለሉልኝ፣ «አብሽር» አሉኝ። «የቀሩትን ጅማታቸውን ፍታና አሳርፋቸው፤ ከእንግዲህ አትንካቸው። እጅህ አላርፍ ካለህ እኔ ዘንድ እየመጣህ ጥጥ ንደፍ።»

እውነትም ሄድኩ። እስከ በዓሉ ድረስ ከሰዓት ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጬ ጥጥ ነደፍኩ። ልቤ ግን እዚያም አልተቀመጠም።

በበዓሉ ቀን ደሴ ጭጋግ ውጧታል። ገበሬ የሆኑት ተዋንያን ቀስቶቹን ሲስቡ እኔ መድረኩን አላየሁም፤ ከፊት በተርታ የተቀመጡትን ወታደሮች ፊት አንድ በአንድ እየቃኘሁ ነበር። ጭብጨባው ሲቀልጥ ነው አንድም ቀስት እንዳልተሰበረ የገባኝ። ሹሙ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ምን እንዳለኝ ግን አላስታውስም።

አንዱ ወታደር አፍጥጬ እንዳየሁት አይቶ፣ «ሰው ጠፋብህ እንዴ?» አለኝ።

የወንድሜን ስምና የክፍሉን ቁጥር ነገርኩት።

«ወደዚያ ነው የምንሄደው። ሰው ብዙ ነው፤ ቃል አልገባልህም» አለና ከሲጋራው ፓኬት ላይ ቀድዶ ስሙን ጻፈ።

ከታኅሣሥ ጋር የወንድሜ ደብዳቤ መጣ። ወንድሜ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፎ ሳለ የማያውቀው ወታደር ስሙን እየጮኸ ሲጠራ ሰምቶ፣ ሊታሰር መስሎት መጀመሪያ ተደብቆ እንደነበር ጽፏል። እሱ ራሱ እያነከሰ የመጣው ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን እናቴ ደብዳቤውን አራት ጊዜ አስነበበችኝ። በአምስተኛው ድምፄ እምቢ አለኝ፤ ጎረቤታችን ከእጄ ተቀብላ ጨረሰችልን።